ዲዲቲን ያገኘው ኬሚስት
ፖል ሙለር (1899–1965)

ዲዲቲ የሚለውን ስም ያልሰማ አርሶ አደር ማግኘት ይከብዳል። ወባ በሚበዛባቸው ቆላማና ወይና ደጋ ቀበሌዎች፣ የመርጫ ፓምፕ በትከሻቸው ያነገቱ ሠራተኞች ወደ መንደሩ ሲዘልቁ ያየ ትውልድ ዛሬም አለ። ሠራተኞቹ ከመድረሳቸው በፊት ቤተሰቡ እህሉን፣ እንስራውንና መኝታውን ወደ ደጅ ያወጣል፤ ልጆችና ዶሮዎች ከቤት ይርቃሉ። ከዚያም ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ይረጫል። ውሃው ሲደርቅ ምርጊቱ ላይ ነጭ ብናኝ ይቀራል። ሥራውን የሚሠራው ያ ብናኝ ነው። አንዳንድ ባለቤት ግን ቤቴን አበላሸብኝ ብሎ በጭቃ መልሶ ይመርገው ነበር፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱም አብሮ ይቀበራል።

ይህ ነጭ ዱቄት ተባይ እንደሚገድል ያወቀው ሰው ወባ ያለበት አገር የኖረ ሐኪም አልነበረም። ከአንድ ማቅለሚያ አምራች ኩባንያ ቤተ ሙከራ ወጥቶ የማያውቅ፣ ዝምተኛ የስዊዘርላንድ ኬሚስት ነበር። ስሙ ፖል ሄርማን ሙለር ይባላል። የሥራው ውጤት በመጀመሪያ የሰውን ልጅ ከወባና ከተስቦ ያተረፈ ተብሎ ተወደሰ፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ምድርን የበከለ ተብሎ ተከሰሰ። ውዳሴውም ክሱም ከአንድ ባሕርይ የመጡ ናቸው። ያን ባሕርይ ሙለር ራሱ አስቦበት የፈለገው ስለነበረ ታሪኩን ከመጀመሪያው መከተል ይገባል።

ሙለር የተወለደው በጃንዋሪ 12 ቀን 1899 ኦልተን በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ቤተሰቡ ከኦልተን ወደ ሌንዝቡርግ፣ ከዚያም ወደ ባዝል ተዛወረ። ባዝል በራይን ወንዝ ዳር ያለች፣ በማቅለሚያና በመድኃኒት ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ልጁ በትምህርቱ ከክፍሉ የሚጠቀስ አልነበረም። ቤት ውስጥ ባበጃጃት ትንሽ ቤተ ሙከራ ፎቶግራፍ ማጠብና የሬዲዮ ዕቃ መገጣጠም ይወድ ነበር፤ ውጤቱ ግን ደካማ ሆነ። በ1916 ዓለም በጦርነት ስትታመስ ትምህርቱን ትቶ በአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በዓመቱም ወደ ሌላ ፋብሪካ ተሻገረ።

ጠርሙስ ማጠቡ፣ ኬሚካል መመዘኑና ማጣራቱ ከመጽሐፍ ይልቅ ሳይጠቅመው አልቀረም። በእጁ መሥራት ተማረ፤ የጎደለው ምን እንደሆነም ተረዳ። በ1918 ወደ ትምህርት ቤት ተመልሶ በቀጣዩ ዓመት ጨረሰና ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዋናነት ኬሚስትሪ፣ በተጨማሪነት ፊዚክስና ዕፅዋት አጥንቶ በ1925 በከፍተኛ ማዕረግ ዶክተር ሆነ። ያቋረጠ ተማሪ ተመልሶ ዶክተር የሆነበት ይህ የሕይወቱ ክፍል በብዙ መጻሕፍት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ለወላጆች ግን ከኖቤል ሽልማቱ ያነሰ አይደለም።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በባዝል ከተማ ጋይጊ በተባለው ኩባንያ ተቀጠረ። እስከ ጡረታው፣ 36 ዓመት ሙሉ፣ ከዚያ አልወጣም። የጋይጊ ዋና ሥራ ማቅለሚያ ነበር። ሙለር መጀመሪያ የተመደበው ከዕፅዋት በሚገኙ ማቅለሚያዎችና ቆዳ ለማልፋት በሚያገለግሉ ቅመሞች ላይ ነው። ከዚያ ኩባንያው የሱፍ ጨርቅን ከብል የሚጠብቅ ኬሚካል ማምረት ጀመረ። ብል የሱፍ ልብስ እንደሚበላ ሁሉ ሌላው ተባይ እህልን፣ ድንችንና የሰውን ደም ይበላል፤ ስለዚህ ከብል ወደ ሌላው ተባይ መሸጋገሩ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሙለር ለዘር ማሸጊያ የሚሆን፣ በጊዜው እንደተለመደው ሜርኩሪ የሌለበት መድኃኒትም ሠርቷል። ዘሩ በአፈር ውስጥ ካለ በሽታ እንዲጠበቅ፣ ዘሪው ግን እንዳይመረዝ ማሰቡ የኋላውን ሥራ አካሄድ ያሳያል።

በ1935 ትኩረቱን በፀረ ተባይ ላይ አደረገ። በዚያ ዘመን የነበሩት የተባይ መድኃኒቶች ሁለት ዓይነት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ እንደ አርሴኒክ ያሉ መርዞች ናቸው። ተባዩ ከቅጠሉ ጋር ካልበላቸው አይገድሉም፤ ሰውንና ከብትን ግን አሳምረው ይገድላሉ። ሌሎቹ ከዕፅዋት የሚገኙ ናቸው፦ ከትምባሆ የሚወጣው ኒኮቲን፣ ከአንዳንድ ሐረጎች ሥር የሚገኘው ሮቴኖንና ከፒሬትረም አበባ የሚወጣው ዱቄት። ፒሬትረም ነጭ አበባ ያለው ተክል ሲሆን ለቤት ውስጥ ተባይ ከሁሉ የተሻለ ነበር። ዝንቡንና ቢምቢውን በቅጽበት ይጥላል፤ ሰውን ብዙም አይጎዳም። በላምባ መሰል ዘይት ተበጥብጦ በእጅ ፓምፕ ይነፋል። ዛሬም ድረስ በከተማ ቤቶች የሚነፋ የተባይ መድኃኒት ሁሉ ፍሊት የሚባለው ከዚያ ዘመን ከተረፈ የንግድ ስም ነው።

የፒሬትረም ችግሩ ዕድሜው ማጠሩ ነው። ብርሃንና አየር ቶሎ ያፈርሱታል። ማታ የተነፋው ቤት በማግስቱ ለአዲስ ቢምቢ ክፍት ነው። የዕለት የዕለት የሚነፋ መድኃኒት ደግሞ ለሀብታም ቤት እንጂ ለድሃ ቤት አይሆንም።

ሙለር መፈለግ ከመጀመሩ በፊት የሚፈልገው መድኃኒት ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ቁጭ ብሎ አሰበ። ለነፍሳት ብርቱ መርዝ ይሁን፣ ፈጥኖ ይሥራ። ለሰው፣ ለከብትና ለተክል ግን ጉዳቱ ትንሽ ወይም የሌለ ይሁን። አይቆጥቁጥ፣ አይሽተት። በአንድ ዓይነት ተባይ ብቻ ሳይወሰን ብዙውን ይግደል። ተባዩ ባይበላውም እንኳ በመንካት ብቻ ይሙት። ተረጭቶ ለረዥም ጊዜ ሳይፈርስ ይቆይ። ዋጋውም ርካሽ ይሁን። የመጨረሻው ነጥብ ተራ ይመስላል፤ ሆኖም በቤተ ሙከራ ድንቅ የተባለ ስንት ነገር ከገበሬው ኪስ በላይ ሆኖ እንደቀረ በኅብረት ሥራ ማኅበር የግብዓት መጋዘን የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ሙለር የነፍሳት ባለሙያ አልነበረም፤ ሙከራዎቹን ግን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። በመስታወት የተሠራ ሣጥን ውስጥ ኬሚካሉን ይረጭና ዝንቦች ይለቅበታል። አብዛኛውን ጊዜ ዝንቦቹ ያለ ምንም ጉዳት ሲበሩ ይውላሉ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት፣ አራት ዓመት አለፈ። 349 ኬሚካሎች ተሞክረው ወደቁ። ይህን ያህል ከንቱ ሥራ የታገሠው ኩባንያም ሊመሰገን ይገባዋል።

በሴፕቴምበር 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት ወር፣ ተራው 350ኛው ሆነ። ክሎራልና ክሎሮቤንዚን የተባሉ ሁለት ኬሚካሎችን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር በማዋሐድ የሚገኝ፣ ነጭና ሽታው እምብዛም የሆነ ዱቄት ነው። ዝንቦቹ ወዲያው አልሞቱም። ጥቂት ቆይተው እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ በጀርባቸው እየወደቁ አለቁ። ኬሚካሉ የነፍሳቱን ነርቭ ያለማቋረጥ እያነቃ አንቀጥቅጦ የሚገድል መሆኑ በኋላ ታወቀ።

ዋናው ነገር የታየው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሙለር ሣጥኑን አጠበና አዲስ ዝንቦች አስገባ፤ እነሱም ሞቱ። አዲስ ኬሚካል አልተረጨም፤ በመስታወቱ ላይ የተረፈው ለዓይን የማይታይ ቅሪት በቂ ነበር። ሣጥኑን ለሌላ ሙከራ ለመጠቀም ፈታትቶ፣ በደንብ አጽድቶ ለሳምንታት አየር ላይ ማስጣት ግድ ሆነበት። ለሌላ ሰው ይህ ሥራ የሚያጓትት ችግር ነው። ሙለር ግን ለዓመታት የፈለገው ባሕርይ እሱ መሆኑን አወቀ።

ዱቄቱ ለዓለም አዲስ አልነበረም። ኦትማር ዛይድለር የተባለ ኬሚስት በ1874 ስትራስቡርግ በሚማርበት ጊዜ ለመመረቂያው ሠርቶት ነበር። ዛይድለር ግን ቀመሩን ከመጻፍ በቀር ለምን እንደሚጠቅም አልመረመረም፤ ዝንብ ላይ ሊሞክረው ምክንያትም አልነበረውም። 65 ዓመት በወረቀት ላይ ተኛ። ሙለር ዲዲቲን ፈጠረ ከማለት ይልቅ ተባይ ገዳይነቱን አገኘ ቢባል የሚስማማው ለዚህ ነው።

ጋይጊ በማርች 1940 በስዊዘርላንድ የባለቤትነት መብት ጠየቀ። አገሪቱ በጦርነት በተከበበችበት ወቅት ከውጭ የሚገባ እህልም ሆነ መድኃኒት ቀንሶ ነበር፤ በላዩ ላይ ደግሞ የድንች ጥንዚዛ ማሳውን ያራቁት ጀመር። ዱቄቱ መጀመሪያ የተፈተነው በድንች ማሳ ነው፤ ጥንዚዛውን አጠፋው። በ1942 ለሰብል ጌዛሮል፣ ለቅማልና ለቤት ተባይ ደግሞ ኒዮሲድ በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ። አንድ መድኃኒት ሁለት ስም ይዞ፣ አንዱ ወደ ማሳ ሌላው ወደ ቤት የሄደው ገና ከጅምሩ ነው። የኋላው ጣጣ የመጣው በማሳው መንገድ ነበር።

ዓለም ስለ ዲዲቲ በሰፊው የሰማው ከኔፕልስ ነው። በ1943 መጨረሻ በጦርነት በፈራረሰችው በዚህች የኢጣሊያ ከተማ በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ገባ። ሕዝቡ በየምድር ቤቱ ተጨናንቆ፣ ሳሙናና ውሃ አጥቶ ነበር። ተስቦ በጦርነት ጊዜ ከጥይት ይልቅ ብዙ ሰው የሚጨርስ በሽታ መሆኑን በዘመኑ የነበረ ሁሉ ያውቃል። የጤና ሠራተኞች በየመንገዱ ጣቢያ አቁመው በእጅ መንፊያ ዱቄት በሰዉ አንገትጌና እጅጌ ውስጥ፣ ልብሱን ሳያስወልቁ ይነፉ ጀመር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተነፋ። በክረምት እምብርት የተነሣ ተስቦ በዚህ ፍጥነት ሲገታ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር።

ከቅማል ቀጥሎ የመጣው ቢምቢ ነው። የወባ ቢምቢ ባሕርይ ለሙለር ዱቄት የተመቸ ነበር። ሴቷ ቢምቢ ማታ ሰው ነክሳ ደም ከጠጣች በኋላ ስለምትከብድ ሩቅ አትሄድም፤ በአቅራቢያዋ ባለ ግድግዳ ላይ አርፋ ደሙን ትፈጫለች። ግድግዳው ተረጭቶ ከሆነ እዚያው መርዙን ትነካለች። በካሬ ሜትር እስከ 2 ግራም የሚሆን ዲዲቲ በግድግዳ ላይ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይሠራል። የወባ ተውሳክ ደግሞ በቢምቢዋ ሰውነት ውስጥ ጎልምሶ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ አሥር ቀን ገደማና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ቢምቢዋ ደጋግማ ግድግዳ ላይ ማረፏ ስለማይቀር ሰው ከማስያዟ በፊት ትሞታለች። ረግረግ ሁሉ ማድረቅ ሳያስፈልግ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቤት በመርጨት ብቻ ወባን መስበር የተቻለው በዚህ ስሌት ነው። ያ ከመስታወት አልላቀቅ ያለው ቅሪት ባይኖር ስሌቱ አይሠራም ነበር።

በኢጣሊያና በግሪክ ለሺህ ዓመታት የኖረው ወባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ቀነሰ። በ1948 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለፖል ሙለር ለብቻው ተሰጠ። ሐኪም ሳይሆን፣ በዩኒቨርሲቲም ሳያስተምር፣ በፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ኬሚስት ይህን ሽልማት መውሰዱ ብዙዎችን አስገርሟል። ሽልማቱ የተሰጠውም ዱቄቱን በመሥራቱ ሳይሆን፣ በመንካት ብቻ የሚገድል መርዝ መሆኑን በማግኘቱ ነው።

ክብሩ አኗኗሩን ብዙም አልለወጠውም። በ1927 ካገባት ከባለቤቱ ከፍሪደል ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ተራራ መውጣትና የዱር ዕፅዋትን መመልከት ይወድ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው የፍራፍሬ ዛፎች ይንከባከባል። በኩባንያው ውስጥ የምርምር ምክትል ኃላፊነት ደረጃ ቢደርስም ከሙከራው አልራቀም። በ1961 ጡረታ ሲወጣ እንኳ ከባዝል ወጣ ባለች ኦበርቪል በምትባል መንደር በቤቱ ውስጥ ቤተ ሙከራ አቋቁሞ መሥራቱን ቀጠለ። የግሪኩ የተሰሎንቄ ዩኒቨርሲቲ ዲዲቲ ለሜዲትራኒያን አገሮች ስላደረገው አገልግሎት የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል።

ይሁን እንጂ ሽልማቱን ከመቀበሉ በፊት አንድ መጥፎ ወሬ ተሰምቶ ነበር። በ1946 እና በ1947 በስዊድንና በኢጣሊያ ዲዲቲ የማይገድላቸው የቤት ዝንቦች ታዩ። ከብዙ ሺህ ዝንቦች ጥቂቶቹ በተፈጥሯቸው መርዙን ይቋቋማሉ፤ ሌሎቹ ሲሞቱ የሚራቡት እነዚያ ብቻ ናቸው። ብዙ በተረጨ ቁጥር ይህ ምርጫ ይፋጠናል። በ1951 ደግሞ በግሪክ መርዙን የለመደ የወባ ቢምቢ ተገኘ። ለዚህ ትልቁ ምክንያት በየቤቱ ግድግዳ የተረጨው ሳይሆን፣ በጥጥና በፍራፍሬ ማሳ በገፍ የፈሰሰው ነበር ማለት ይቻላል። ማሳ ላይ የተረጨ ዲዲቲ በዝናብ ታጥቦ ወደ ኩሬና ቦይ ይገባል፤ የቢምቢ እጮች የሚያድጉት እዚያው ነው። በቤት ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ጥቂት ግራምና በአውሮፕላን በማሳ ላይ የሚፈስ ብዙ ቶን በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ ነገር አይደሉም።

ሁለተኛው ጣጣ ያው ያለመፍረስ ባሕርዩ ነው። ዲዲቲ በውሃ አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። ከአፈር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት ይተላለፋል። በውሃ ውስጥ ትንሹን ነፍሳት ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ትልቅ ዓሣ፣ ትልቁን ዓሣ ወፍ ሲበላው በየደረጃው እየተጠራቀመ ይሄዳል። በ1962 ራሼል ካርሰን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ሕይወት ተመራማሪና ደራሲ ይህን ጉዳይ በሰፊው በሚነበብ መጽሐፍ አወጣችው። ካርሰን የተቃወመችው ያለ ልክና ያለ ዕውቀት መርጨትን እንጂ በሽታ የሚያመጡ ነፍሳትን መከላከልን አልነበረም፤ ይህ ልዩነት ግን በኋላ በተነሣው ጭቅጭቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አሞራና ንስርን የመሳሰሉ ወፎች እንቁላላቸው ቅርፊቱ ሳስቶ ሲታቀፉት የሚሰበረው በዲዲቲ ሳቢያ መሆኑ የተረጋገጠው ሙለር ከሞተ በኋላ ነው። ሙለር ኦክቶበር 13 ቀን 1965 በባዝል አረፈ። አሜሪካ በ1972 ዲዲቲ በሰብል ላይ እንዳይረጭ ከለከለች፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ።

በአገራችን ታሪኩ በሌላ ፍጥነት ሄዷል። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በደጋው ጠርዝ ባሉ፣ ወባን ባልለመዱ አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ በግምት ሦስት ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ሰው ገድሏል። አዝመራው ደርሶ የሚያጭደው የታጣበት ዓመት ነበር። በቆቦ ጨርጨር ሜዳና በሌሎች ጥቂት ቦታዎች አስቀድሞ በዲዲቲ ርጭት ሙከራ ተጀምሮ ስለነበረ በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመና ፓምፕ ያነገቱት ሠራተኞች በየገጠሩ መታየት ጀመሩ። ወባ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሆኖም ቀድሞ ሰው ሸሽቷቸው የነበሩ ለም ቆላማ መሬቶች እየታረሱ የመጡት በዚህ ርጭት ጭምር ነው። በኋላ ዲዲቲ በስምጥ ሸለቆ በሚገኘው የአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ እየተዘጋጀ ለጤና ዘርፍ ይቀርብ ነበር።

ከግድግዳ ወደ ማሳ የሚወስደው መንገድ ግን እዚህም ተከፈተ። ለቤት ርጭት የተላከ ዱቄት በጓሮ በር እየወጣ በገበያ ተሸጠ፤ በጫት፣ በአትክልትና በጎተራ ባለ እህል ላይ ተነሰነሰ። ነቀዝን ለማጥፋት ብሎ ማሽላው ላይ የነሰነሰ ሰው የሚበላው ያንኑ ዱቄት ነው፤ ታጥቦ አይለቅም፤ ተፈጭቶና ተጋግሮም አይጠፋም። ንብ የሚያረባ ሰው ጎረቤቱ በአበባ ወቅት ሲረጭ ቀፎው ባዶ ሲቀር አይቷል። ተመራማሪዎች በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሦች ሰውነት ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት አግኝተዋል። ገበያውም ቢሆን ዝም አይልም። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ስታገኝ ንግዱ ክፉኛ ተጎድቷል። የተገኙት ኬሚካሎች ዲዲቲ ባይሆኑም የዚያው የክሎሪን ወገን ሲሆኑ፣ ጥርጣሬው ያረፈው ገበሬው ማሳ ላይ ሳይሆን ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። የቡና አምራች ዩኒየኖች ጆንያ ከየት መጣ ብለው መጠየቅ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው ቢባል አልተጋነነም።

ኢትዮጵያ የስቶክሆልም ስምምነትን በ2003 አጽድቃለች። ስምምነቱ ዲዲቲን ፈጽሞ አልከለከለም፤ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል፣ ያውም ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ እንዲውል ወሰነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2006 ለቤት ውስጥ ርጭት ድጋፉን በድጋሚ ገልጿል። በኢትዮጵያ ዲዲቲን ከግድግዳ ያወረደው በመጨረሻ ሕግ ሳይሆን ቢምቢዋ ራሷ ናት። በየቦታው በተደረጉ ሙከራዎች ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ዲዲቲን መልመዷ ስለታወቀ ከ2009 በኋላ ርጭቱ በሌሎች ኬሚካሎች ተተካ፦ መጀመሪያ በዴልታሜትሪን፣ ከዚያም በቤንዲዮካርብ፣ በፕሮፖክሰርና በፒሪሚፎስ ሜቲል። የሚገርመው ዴልታሜትሪንና በአጎበር ላይ የሚነከሩት መድኃኒቶች ሙለር ቶሎ ይፈርሳል ብሎ የተወው የዚያ የፒሬትረም አበባ ዘመዶች መሆናቸው ነው። ኬሚስቶች የአበባውን መርዝ አስመስለው፣ ብርሃን እንዳያፈርሰው አድርገው ሠሩት። ዛሬ ከሱቅ የሚገዛው የሚነፋ ቆርቆሮና የሚጨሰው የቢምቢ ጥቅል የሚሠሩት በአብዛኛው በእነዚሁ ነው። ቢምቢዋም እነሱን እየለመደች ነው።

በ2016 በምሥራቅ ኢትዮጵያ የታየችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ቢምቢ ደግሞ በከተማ በርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳ ውስጥ ትራባለች፤ ብዙዎቹን መድኃኒቶችም ትቋቋማለች። የበርሜል ክዳን መግጠምና ውሃውን በየሳምንቱ መድፋት ከማንኛውም ርጭት በላይ የሚሠራው በዚህች ላይ ነው።

ከዲዲቲ ዘመን የተረፈው ሌላው ነገር በየመጋዘኑ የቀረው አሮጌ ኬሚካል ነው። በየወረዳው የግብርና መጋዘን ያለ ባለቤት የተቀመጡ፣ ጽሑፋቸው የለቀቀና በርሜላቸው የበሳ መርዞች ለዓመታት ተከማችተው ነበር፤ የዲዲቲ ወገን የሆኑ አሮጌ ኬሚካሎችም ነበሩባቸው። በዓለም አቀፍ ድጋፍ በተካሄደ ሥራ እስከ 2003 ድረስ 1,500 ቶን ያህሉ ከኢትዮጵያ ተሰብስቦ፣ በአዲስ በርሜል ታሽጎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተላከ። ሙለር ከመስታወት ሣጥኑ በሳምንታት ንፋስ ያስለቀቀውን ዓይነት መርዝ በዚህ መጠን ሲሆን አፈርም ውሃም አያፈርሰውም። ፊንላንድ ደርሶ የተቃጠለው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ፣ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ምድጃ ውስጥ ነው።